ፕሮግራሙ የሚዘጋበት ቦታ

ባለቤቴን ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ መቀስ» ይለዋል። መቀስ አያያዙን አይተው አይደለም፤ መቀስ ቢይዝ የራሱን ጥፍር እንኳ በቅጡ አይቆርጥም። ሥራው የሰርግ ቪዲዮ ማቀናበር ነው። እኔ ከፊት፣ ባንኮኒው ጋ፣ ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፤ «አገጭዎን ትንሽ ቀና ያድርጉ» ስል ነው የምውለው። እሱ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ የፈጀውን የሰው ሰርግ ወደ አንድ ሰዓት ያሳጥራል።

ስንጋባ ሥራው በካሴት ነበር። አንዱ ማጫወቻ ያጫውታል፣ ሌላው ይቀዳል፣ እሱ መሀል ሆኖ እንደ ትራፊክ ፖሊስ አንዱን ያስቆማል፣ ሌላውን ያሳልፋል። በኋላ ኮምፒውተር መጣ። አንድ ፕሮግራም ተማረ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ አልማርም ብሎ በሩን ዘጋ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ባለቤቴ ሞኝም ወረቀትም አይደለም፤ አያያዙን ግን ከሁለቱም ወስዷል።

አንድ ሕግ አለው። እንባ ይቆረጣል። ሰርግ የደስታ ቀን ነው፣ ደስታ ደግሞ አይናፈጥም፤ ሕጉ ይኸው ነው። የሙሽራዋ እናት ዓይኗን ስትጠርግ፣ የአባትዬው ከንፈር ሲንቀጠቀጥ፣ ሙሽራዋ መኪና ውስጥ ገብታ ዞር ብላ ቤቷን ስታይ፣ ያ ሁሉ ይቆረጣል፣ በምትኩ ኬክ ይገባል። ኬክ ካለቀ አበባ፣ አበባ ካለቀ የሙሽሮቹ መኪና ጎማ። የኛን ሰፈር የሰርግ ቪዲዮ ሁሉ ተራ በተራ ያየ እንግዳ፣ «እዚህ የሚዳረው ጎማ ነው እንዴ?» ብሎ ቢጠይቅ አልፈርድበትም።

እናቶች እየመጡ ተከራክረውታል። ከሁሉ የባሱት ከሱቃችን ቀጥሎ ያሉት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሁላችንንም በዕድሜ ስለሚበልጡን እትዬ ነው የምንላቸው። አንድያ ልጃቸውን ሲድሩ ገና የካሴት ዘመን ነበር። ቪዲዮውን አይተው በጨረሱ ማግስት የልክ መለኪያ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መጋረጃውን ገልጠው ገቡ።

«ያን ቀን ያለቀስኩት የት ገባ?»

«ቆረጥኩት፣ እትዬ።»

«ማን ቁረጥ አለህ?»

«ማልቀስ ያስረጃል። ወደፊት ሲያዩት ያመሰግኑኛል።»

«እኔ ያለቀስኩትን ቆርጠህ ጎማ ታስገባበታለህ!» አሉና ወጡ። ከዚያ በኋላ ሲጠሩት «ጋሽ» የምትለዋን ጣሏት፤ መቀስ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ልጃችን ያደገችው በዚሁ መጋረጃ ጀርባ ነው። የቤት ሥራዋን የሠራችው የሰው ሰርግ እየሰማች ነው። ትምህርቷን ስትጨርስ አዲስ ፕሮግራም ይዛ መጣች፤ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች የሚሠሩበትን፣ የባለሙያ የሚባለውን። የከፈተችለት ቀን ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች አየና፣ «ይሄ የአውሮፕላን ነው» ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ በአዲሱ፣ እሱ በአሮጌው ሆነው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ደንበኛው ቀስ እያለ ወደ እሷ ጎን ሄደ። እሱ አላየሁም አለ።

ከዚያ የሱ ኮምፒውተር ሞተች። አንድ ጠዋት ሲያበራት ተንሰቀሰቀች፣ ትንሽ ሸተተች፣ በቃ። ፕሮግራሙም አብሯት ተቀበረ፤ በዛሬዎቹ ኮምፒውተሮች ላይ ጫኑት ቢባል አይጫንም። ባለቤቴም ከልጁ ኋላ መብራት ይዞ የሚቆም ሰው ሆነ። «የመብራት ምሰሶ አደረገችኝ» ይላል፤ እየሳቀ ነው የሚለው፣ ነገር ግን እኔ የሱን ሳቅ አውቃለሁ፤ ያኛው ከጥርስ አያልፍም ነበር።

እንዲህ ባለንበት ልጃችን አገባች። ባሏ ሌላ ከተማ ነው የሚሠራው፤ እዚያው ሊኖሩ ነው። ሰርጉ ሊደርስ ሲል ጥያቄው መጣ፦ ቪዲዮውን ማን ይሥራው? ልጅቷ የራሷን ሰርግ ራሷ ልታቀናብር አትችልም። እራት ላይ ነበርን፤ ዝቅ አድርጋ፣ «አባዬ፣ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ስቱዲዮ ይሥራው ብዬ አስቤ ነበር» አለች።

ባለቤቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። «በቁሜ?»

«አባዬ…»

«በቁሜ የልጄን ሰርግ ሰው ይቆርጠዋል?»

«ያለው እኮ አዲሱ ፕሮግራም ብቻ ነው። አንተ ደግሞ ስታየው…»

«እማራለሁ። አንድ ቀን እንኳ አልደውልልሽም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ልጃችንም የአባቷ ልጅ ናትና ውል አስገባችው። ከሰርጉ በኋላ እነሱ ከባሏ ወላጆች ጋር ሊጠይቁን ሲመጡ ቪዲዮው ይታያል። ያን ቀን ካልደረሰ ለስቱዲዮው ይሰጣል።

ነገሩ የቪዲዮ ብቻ አልነበረም። ሦስታችንም ገብቶናል፤ ማናችንም አላነሳነውም እንጂ። ልጅቷ ከሄደች ያ ወንበር ባዶ ነው። ወይ እሱ ይቀመጥበታል፣ ወይ መጋረጃውን አውልቀን የዕቃ ማስቀመጫ እናደርገዋለን። እኔ ደግሞ ሥራ ፈትቶ ቤት የዋለ ባል ምን እንደሚመስል ከጎረቤት አይቻለሁ፤ ድስት ከፍቶ «ጨው አነሰው» ይላል። ስለዚህ የሱን ያህል እኔም ፈርቻለሁ።

የሰርጉ ዕለት ቀረጻውን ለወጣት ካሜራ ሰዎች ሰጠን፤ እሱ የሙሽራ አባት ነውና። መቼ አርፎ ይቀመጣል! አሮጌ ካሜራውን ሣሎኑ ጥግ በባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ አቆመና «ለመጠባበቂያ» ብሎ አስነሳው። ከዚያ ረሳው። ጭራሽ ልጅቷን ልንሸኝ ሁላችን ወደ መኪናው ወጥተን ሳለ፣ «ባትሪ ረስቻለሁ፣ መጣሁ» ብሎ ተመለሰ። ልጁ ከቤት እየወጣች እሱ ባትሪ! እኔ ብቻዬን ቆሜ እጄን ሳውለበልብ፣ ደግነቱ ዘመድ ከቦኝ ነው እንጂ የምለውን ባልኩት ነበር። ያን ቂም ጠቅልዬ አስቀመጥኩት።

ሥራው ተጀመረ። በመጀመሪያው ቀን የሆነች ቁልፍ ነካና ከስክሪኑ ታች ያለው፣ ቪዲዮው የሚደረደርበት መስኮት ጠፋ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ ያገኘውን ሁሉ ሲጫን ጎን ያለው መስኮትም ተከትሎ ሄደ። እስከ ምሳ ድረስ ፈለገ። በመጨረሻ አንገቱን በመጋረጃው አስግጎ፣

«አንቺ፣ እዚህ ታች የነበረውን መስኮት ነክተሻል?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት፣ «መጋረጃ ላሰፋለት እትዬ ጋ ወስጄዋለሁ።»

ጉርድ ፎቶ የሚነሳው ደንበኛ ሳቀና ፎቶው ተበላሸ። መስኮቱ የተገኘው ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ሲከፈት ነው፤ ባለቤቴ ግን «አገኘሁት» ነው የሚለው።

ሁለተኛው ችግር የመጣው ከንጽሕናው ነው። በካሴት ዘመን ያደገ ሰው ነው፤ የሱ ካሴቶች ዛሬም ዕቃ ቤት ውስጥ እያንዳንዳቸው በሣጥናቸው፣ የማን ሰርግ እንደሆነ ጀርባቸው ላይ ተጽፎ በተራ ቆመዋል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ግን የሰርጉ ፋይሎች እዚህም እዚያም ተበትነው፣ ስማቸውም ፊደልና ቁጥር ሆኖ አገኛቸው። ነደደው። ሥራው ከተጋመሰ በኋላ ሁሉንም ለቃቅሞ «የልጄ ሰርግ» የሚል ፎልደር ከፈተና እዚያ ከተታቸው። አጽድቶ ሲጨርስ ሻይ ጠጣ። ፕሮግራሙን ሲከፍት ቪዲዮው የለም፤ በየቦታው ቀይ ሰሌዳ ብቻ ተደርድሯል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እሱ ነው።

ወደ ባንኮኒው ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሰርጉ ጠፋ» አለኝ።

ሄጄ አየሁት። እኔ ኤዲቲንግ አላውቅም፤ ማንበብ ግን አውቃለሁ። ቀዩ ሰሌዳ ላይ ያለው «ፋይሉ የለም» ነው፣ ከጎኑ «ያለበትን አሳየኝ» የሚል መጫኛ አለ። ባለቤቴ ካሴት ላይ እንደለመደው፣ እዚያ የቀዳሁት እዚያው ይኖራል ብሎ ነው። ይሄኛው ግን ምንም አልቀዳም። ነገሩ የተቀመጠበትን ቦታ ብቻ ነው ያስታወሰው፤ እሱ ደግሞ ቦታውን ለውጦበታል።

«ያው እንዳንተ ነው» አልኩት። «መነጽርህን ከመታጠቢያው አንስቼ መደርደሪያው ላይ ሳደርገው ‹ተሰረቅን› ትላለህ አይደል? ይሄም መነጽሩን አንስተህበት ነው። አሳየው።»

አሳየው። ቀዩ ሰሌዳ አንድ በአንድ እየጠፋ ልጃችን ከነቬሏ ተመለሰች። ባለቤቴ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና «እኔም ልሞክረው ብዬ ነበር» አለ። ዓይኑን በጨው አጥቦ!

ሦስተኛው የኮምፒውተሩ መንተባተብ ነው። የካሜራዎቹ ፋይል ከባድ ነው፤ ሲያጫውቱት ይቆማል፣ ይዘላል። ወንድሜ ሲጨፍር እሾህ የረገጠ ይመስላል፤ በርግጥ ወንድሜ በደህና ቀንም ሲጨፍር እንደዚያው ነው፣ ስለዚህ ችግሩን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብን። ባለቤቴ «ሞቋት ነው» ብሎ የቤታችንን ማራገቢያ አምጥቶ ደቀነባት። እሷ ነፈሰባት፣ እኛ ቤት በላብ ተጠመቅን። አልተሻላትም።

በመጨረሻ ሳይወድ በግድ ኩራቱን ዋጠና ኢንተርኔት ላይ ከሚያስተምር አንድ ባለ ረጅም ፀጉር ጋር ተቀመጠ። ሰውዬው ዓረፍተ ነገር በጀመረ ቁጥር «ጓደኞቼ» ይላል፤ ባለቤቴ ደግሞ «አቤት» ይላል። ከሱ የተማረው እንዲህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ከባድ ፋይል ፕሮግራሙ ራሱ ትንሽ፣ ቀላል ቅጂ ይሠራለታል። ሥራው በትንሿ ቅጂ ይሠራል። ሲያልቅ አንድ ቦታ ይጫኑና ትልቁ ወደ ቦታው ይመለሳል።

እትዬ ይሄን ሲነግራቸው አልደነቃቸውም። «ታዲያ እኔስ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ቆርጬ አይደል ጨርቁን የምነካው?» አሉት።

በትንሿ ቅጂ ምስሉ ደብዘዝ ይላል። ፊት አይለይም፤ ቀሚስና ኮት ታውቆ ነው ሰው የሚታወቀው። ግን እንደ ውሃ ይፈስሳል። ባለቤቴ ማፏጨት ጀመረ። ፉጨቱን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! ልጅቷ አዲሱን ፕሮግራም ካመጣች ወዲህ አልሰማሁትም። ባንኮኒው ጋ ሆኜ እየሰማሁ፣ ደስ ብሎኝ ደንበኛውን ሁሉ «ያምራሉ፣ ያምራሉ» እያልኩ አነሳሁ። ቀናችን ሳይደርስ ሥራው ሊያልቅ ነው፤ የቀረው ትልቁን መመለስና አንዴ አይቶ መጨረስ ነው።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ትልቁን በመለሰ ቀን ፉጨቱ ቆመ።

«ምነው?» አልኩት።

«ይዘጋል።»

«ምኑ?»

«ፕሮግራሙ። ልጅቷ ከቤት የምትወጣበት ጋ ሲደርስ ብድግ ብሎ ይዘጋል።»

በማግስቱም ይዘጋል። በሦስተኛውም ይዘጋል። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራ፤ ፕሮግራሙን አውርዶ እንደገና ጫነ፤ ውስጧን በቀለም ብሩሽ ጠረገ። «ልይልህ» ብዬ ወንበር ሳብ ሳደርግ «አንቺ ስትቀመጪ ይብስበታል» ብሎ መለሰኝ። እንግዶቻችን ሊመጡ ተቃርበዋል። መናኸሪያው አጠገብ ያለውን ስቱዲዮ ባለቤት መንገድ ላይ ሳገኘው ፈገግታው ራሱ የሥራ ማስታወቂያ መሰለኝ።

አልደውልም ብሎ ቃል የገባው እሱ ነው። እኔ ቃል አልገባሁም። ስልኬን ይዤ ወደ እትዬ ሱቅ ዘለቅሁና ለልጄ ደወልኩ። ስቃ ስቃ ስታበቃ፣ «እማዬ፣ ኮምፒውተሩ ክፍት ይሁን፤ ከዚህ ሆኜ እገባበታለሁ» አለችኝ።

ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ ከመጋረጃው ጀርባ ጩኸት ስሰማ ነው።

«አንቺ ሴትዮ! ነይ! ቀስቷ ብቻዋን እየሄደች ነው!»

ሮጬ ገባሁ። ባለቤቴ እጁን ከማውሱ ላይ እንደ ትኩስ ድስት አንስቶ ወደ ላይ ይዞታል፤ ስክሪኑ ላይ ቀስቷ ብቻዋን ወዲያ ወዲህ ትላለች።

«አትደንግጥ» አልኩት፣ «ልጅህ ናት።» ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ድምፁን ከፈትኩት።

«ሰላም አባዬ» አለች።

ባለቤቴ እኔን አየኝ። ይሁዳም እንደዚያ አልታየም። ቀስቷ ግን ሥራዋን አላቆመችም፤ አንዱን ትከፍታለች፣ ሌላውን ትዘጋለች።

«አባዬ፣ ፕሮግራም ተበላሽቶ ሲዘጋ ምልክት ጥሎ ነው የሚሄደው። እዚህ አንድም ምልክት የለም።»

«ታዲያ?»

«በሰላም ነው የተዘጋው። ሰው ነው የዘጋው።»

ባለቤቴ የማውሱን ገመድ አገላብጦ መመርመር ጀመረ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እኔም ልሳቅ ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ፊቱን ሳየው ግን ዘጋሁት።

«የቱ ጋ ነው?» አለች ልጅቷ።

«ተይው፣ አልፏል፣ ራሴ እጨርሰዋለሁ።»

ቀስቷ ቦታውን አገኘችው። ልጃችን ከበር ትወጣለች፣ መኪና ውስጥ ትገባለች፣ ከዚያ ጎማ ይመጣል። ረጅም ጎማ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመ ጎማ አላየሁም።

«ጎማ! በኔም ሰርግ?» አለች ልጃችን። «ደግሞ ከሥሩ ሌላ ነገር አለ።» ቀስቷ ጎማውን ያዘችና ወደ ጎን አነሳችው።

ከሥሩ ሣሎናችን ወጣ። ጥግ ላይ ቆማ የተረሳችው አሮጌ ካሜራ ያየችው ነው። ሁሉም ሙሽራዋን ለመሸኘት ወጥቷል፣ ቤቱ ባዶ ነው፤ ወንበሮቹ ተዛንፈዋል፣ ወለሉ ላይ አበባ ተረግጧል። ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። ባለቤቴ ገባ። «ባትሪ ረስቻለሁ» ብሎ የተመለሰ ጊዜ ነው።

ባትሪ አልፈለገም። መሀል ሣሎን ቆመ። በሩ ሥር የልጃችን የቤት ነጠላ ጫማ አለ፤ ባለ ተረከዙን ስታደርግ አውልቃው፣ አንዱ ተገልብጦ። ጎንበስ ብሎ አቃናው። ሁለቱን ጎን ለጎን አደረጋቸው። ከዚያ አንስቶ የጫማ መደርደሪያው ላይ አስቀመጣቸው። ትንሽ ቆየና ከመደርደሪያው አወረደና ሁልጊዜ እሷ የምትተዋቸው ቦታ፣ በሩ ሥር፣ መለሳቸው። ከዚያ እዚያው ወለሉ ላይ፣ በአዲሱ ቡኒ ሱፉ፣ ተቀመጠና አለቀሰ። ትከሻው እስኪነቀነቅ አለቀሰ። ጡሩምባው ሲደጋገም ተነሳ፣ ፊቱን ጠረገ፣ ኮቱን አስተካክሎ ወጣ። ፊቱን የጠረገው ለሰርጉ ብዬ አጥቤ በሰቀልኩት መጋረጃዬ ነው።

ካሜራዋ እንደምትቀርጽ ረስቶ ነበር። በትንሿ ቅጂ ሲሠራ ያ ሁሉ አንድ ቡኒ ነገር ነው፤ የሆነ ዘመድ መስሎት አልፎታል። ትልቁ ሲመለስ ቡኒው ነገር እሱ ሆኖ ተገኘ። እዚያ በደረሰ ቁጥር የሚዘጋውም እሱ ራሱ ነው።

ከስልኩ ውስጥ ልጃችን አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት።

«አባዬ፣ ባትሪ አልነበረም እንዴ የረሳኸው?»

«ባትሪውም ነበር» አለ።

እኔ የያዝኩትን ቂም የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ። እጄን ትከሻው ላይ አደረግሁ። ፊቱን የጠረገበትን የመጋረጃዬን ነገር ላነሳበት ፈልጌ ነበር፣ ተውኩት፤ ለኔ ይሄ ብርቅ ነው።

«ለማንኛውም ቆርጬዋለሁ» አለ ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ሕግ ነው። እንባ ይቆረጣል።»

«መቼ ቆረጥከው?» አለች። «ሙሉውን አለ። ጎማ ነው የጫንክበት።»

ባለቤቴ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ።

«አባዬ፣ ሥራው ያንተ ነው» አለች። «እንደፈለግክ አድርገው። በቀኑ ይድረስ ብቻ። እኔ ወጣሁ።» ቀስቷ ቆመች። ባለቤቴ ማውሱን እስኪነካት ድረስ ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም።

እንግዶቹ በመጡ ቀን ሣሎኑ ሞላ። ልጃችንና ባሏ፣ የባሏ ወላጆች፣ ወንድሜ፣ እትዬም ጭምር። ባለቤቴ የጨረሰውን አምጥቶ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካ፣ መብራት አጠፋ፣ ራሱ ግን አልተቀመጠም፤ የጓዳው በር ጋ ቆመ። ምን እንዳደረገ ለኔም አልነገረኝም።

ቪዲዮው አማረ። እውነቴን ነው፣ ባሌ ስለሆነ አይደለም። ትንሽ እንከን አላጣሁለትም፤ ሙዚቃው አንድ ቦታ ላይ ተቋረጠ፣ የወንድሜ ጭፈራም ከሚገባው በላይ ረዝሟል። ወንድሜ ግን «አጠረ» አለ። የልጃችን አማት እየደጋገሙ «ይሄን የሠራው ማን ነው?» ሲሉ ልጃችን «አባዬ ነው» ትላለች፤ ሦስቴ ሲጠይቁ ሦስቴም አልታከታትም።

የመውጫው ሰዓት ደረሰ። ልጃችን ከበር ወጣች፣ መኪና ውስጥ ገባች። የሰፈራችን ሰው ነው፤ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ያውቃል። ወንድሜ «ጎማ!» ብሎ አስቀደመ።

ጎማ አልመጣም። ባዶው ሣሎን መጣ። ሙዚቃ የለውም፣ አልተቆረጠም፣ ካሜራዋ ካየችው አንዲት ነገር አልተነካችም። እኛ የተቀመጥንበት ክፍል ነው፤ ነጠላ ጫማዎቹ የነበሩበትን በር ዞር ብለው ያዩም ነበሩ። ባለቤቴ ገባ፣ ጫማዎቹን አቃና፣ ሰቀለ፣ መለሰ፣ ተቀመጠ። ፊቱን በመጋረጃው ሲጠርግ የልጃችን አማት ሳያስቡት ፈገግ አሉ፤ ሁሉም ተከትሎ እየሳቀ አለቀሰ። ልጃችን ተነስታ ወደ ጓዳው በር ሄደች። አባቷ «ውሃ ላምጣ ብዬ…» ሲል ነው አንገቱ ላይ የተጠመጠመችበት።

እትዬ ብቻ ከመቀመጫቸው አልተነቃነቁም። መብራቱ ሲበራ ሻርፓቸውን አስተካከሉና፣

«መቀስ» አሉ።

«አቤት፣ እትዬ።»

«የራስህን ሙሉውን አስቀመጥክ።»

ባለቤቴ አንገቱን ደፋ።

«የኔን አምጣ» አሉ።

በማግስቱ ዕቃ ቤት ገባ። ያኔ የተቀረጸው፣ ያልተቆረጠው ካሴት በቦታው ነው፣ ጀርባው ላይ «የእትዬ ልጅ» ተብሎ ተጽፎበታል። ማጫወቻውን አቧራውን አራግፎ ከኮምፒውተሩ ጋር ሊያገናኘው ሲታገል ኮምፒውተሩ «የምን ዕቃ ነው? አላውቀውም» እያለ አስቸገረው። አልደውልም ያለው ሰው ለልጁ ጠዋትም ማታም ይደውል ጀመር። ልጅቷ ትመራዋለች፤ እሱ «ገብቶኛል» ይላትና ስልኩን ሲዘጋ መልሶ ይደውላል። በመጨረሻ ገመዱ የተገናኘ ዕለት ከመጋረጃው ጀርባ ፉጨት ሰማሁ፤ እሱም ወዲያው ወጥቶ እትዬን ጠራቸው።

መርፌ ኮሌታቸው ላይ እንደሰኩ መጡ። ባለቤቴ ኬኩን አላሳያቸውም፣ አበባውን አላሳያቸውም፤ በቀጥታ ከቆረጠው ቦታ ጀመረ። ምስሉ ትንሽ ይርገበገባል። በር ላይ አንዲት ወፍራም ጉንጭ ያላት፣ ፀጉሯ የጠቆረ ሴት ልጇን አቅፋ አለቅም ብላ ታለቅሳለች፤ የሚያስለቅቃት ሰው ጠፍቷል።

እትዬ ቆመው አዩ። ሲያልቅ «እንደገና» አሉ፤ አጫወተላቸው። እጃቸውን ዘርግተው ስክሪኑ ላይ የሴትየዋን ፊት በጣታቸው ነኩት።

«ማልቀስ ያስረጃል ብለኸኝ ነበር» አሉት። «እስቲ እያት፣ ምን የመሰልኩ ልጅ ነበርኩ!»

ባለቤቴ ከወንበሩ ተነሳና እትዬን አስቀመጣቸው፤ ከመጀመሪያው አስጀምሮላቸው እሱ ከኋላ ቆመ።